ዶክተር ፀዳለና የአባቴ ቅጠል

እስኪ አንዳችሁ ውሸት ነው በሉኝ።

ፀዳለ ሞተች ይላሉ። ባለፈው ሳምንት እኮ በስልክ ስታሾፍብኝ ነበር። ጉንፋን ድምፄን ዘግቶት «ለዚህማ ዝንጅብል አለልህ፣ እኔን አትጠብቅ» ብላኝ ተሳስቀን ነው የተለያየነው። ዛሬ ጠዋት ዜናውን ሳይ የስም መመሳሰል መሰለኝ። እህቷ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው እያለቀሰች ነው።

ለማታውቋት፣ ፀዳለ ከሰቆጣ ወዲያ ያለው የፃግብጂ ወረዳ ልጅ ናት። ሰቆጣ አብረን ተማርን፤ እኔ እዚሁ አስተማሪ ሆኜ ቀረሁ፣ እሷ አዲስ አበባ ገብታ ተመራማሪ ሆነች። የምታጠናው የጉበት ካንሰርን ነበር። አገራችን ከሚበቅል ቅጠል አንድ ንጥረ ነገር ለይቶ ማውጣት፣ ከዚያ የሰውነትን መከላከያ ከሚቀሰቅሰው መርፌ ጋር አብሮ መስጠት። ሐኪሞቹ ኢሚውኖቴራፒ ይሉታል። በሙከራ አይጦቹ ላይ ዕጢው እየቀነሰ መሆኑን ስትነግረኝ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

ሰቆጣ በመጣች ቁጥር ሰው መንገድ ላይ ያስቆማታል። «መድኃኒቱ ደረሰ?»

«ገና ነው።»

ለባለሥልጣኑም ለገበሬውም መልሷ ይኸው ነበር። እኛም ስሟን ትተን «ገና ነው መጣች» እንል ጀመር። አትቆጣም፣ ትስቃለች።

አባቴ ቄስ ናቸው። የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ታውቆ አዲስ አበባ ያንኑ መርፌ ጀመሩ። ታዲያ ስለ ፀዳለ ምርምር ያወራኋቸውን ይዘው የራሳቸውን ሐሳብ ቆረጡ። መርፌው አለ፤ ቅጠሉም ሰሃላ ወረዳ ካሉ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ አለ። ምን ይጠበቃል? ተቀምሞ በጠርሙስ መጣላቸው። አዋቂው «ለሰው ከተነገረ ይረክሳል» ስላሏቸው ለእኔም አልነገሩኝም። ጠርሙሱን ያገኘሁት አዲስ አበባ ለሕክምና ሄደን ሳለ ልብሳቸውን ሳጥፍ ነው።

ለፀዳለ ደወልኩላት። ሳትውል ሳታድር ያረፍንበት ቤት መጣች። መስቀል ተሳልማ አጠገባቸው ተቀመጠችና በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና ጨዋታ ያዙ። ከስታ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ አትበይም እንዴ?»

«ጾም አይደል አባ» አለች።

ከዚያ ወደ ጠርሙሱ መጣች። «እኛ ከቅጠሉ የምንፈልገው አንዷን ነገር ነው፣ ያውም በልክ። የቀረው ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ከመርፌው ጋር ተደርቦ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እኔም አላውቅም። ይቆይልኝ አባ።»

አባቴ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ጤነኛ ስለሆንሽ ነው እንዲህ የምትይ። የታመመ ሰው በምን አንጀቱ ይጠብቃል?» አሏት።

«እኔም ብታመም አልጠጣውም» አለች።

አባቴ አልጠጡትም። ግን አልጣሉትም። ሰቆጣ ይዘውት ተመለሱ፣ ትራሳቸው ሥር አኖሩት።

ዛሬ እህቷ የነገረችኝን ልንገራችሁ። ፀዳለ ያን ዕለት ታማ ነበር። የጉበት ካንሰር። እሷም መርፌውን እየወሰደች ነበር። ያ ንጥረ ነገር በየቀኑ በምትገባበት ላብራቶሪ ተቀምጦ፣ አልነካችውም። ለቤተሰቧ እንኳ መታመሟን የነገረችው በቅርቡ ነው።

ደንግጫለሁ። ተናድጄባታለሁም። ሰው እንዲህ ሆኖ ስለ ዝንጅብል ይቀልዳል?

ለአባቴ መንገር ፈራሁ። ግን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ነገርኳቸው።

«ታማ ነው እንዴ እንደዚያ ያለችኝ?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ጤነኛ ስለሆንሽ ነው አልኳት።»

ጠርሙሱን አውጥተው ጓሮ ደፉት። ሲመለሱ በጸሎት ሊያስቧት የክርስትና ስምሽን ጠየቁኝ፣ ፀዳለ። ይህን ሁሉ ዘመን ጓደኛሽ ሆኜ አላውቀውም ነበር። እህትሽን ጠይቄ ነገርኳቸው።

ፀዴ፣ አባቴ ከነገ ወዲያ መርፌ አላቸው። አንቺ የሌለሽበት አዲስ አበባ እንዴት እንደምንገባ አላውቅም። አሁን ግን «ሻንጣዬን አዘጋጅልኝ» ብለውኛል። እንሄዳለን። አንቺ በሰላም እረፊ፣ እህቴ።