ሰባት ድንጋይ ለአንድ ብልጭታ

ዓይናዲስ ፎቶ አንሺ የሆነችው ወዳ አይደለም። ባሏ ብሩ፣ አሰበ ተፈሪ ከተማ፣ ገበያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችው። በሰባ ሁለት ዓመተ ምህረት ወባ በአምስት ቀን ወሰደው። አርባው እንደወጣ ዘመድ ተሰብስቦ ካሜራው ይሸጥ ብሎ መከረ። እሷ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ጨለማው ክፍል ውስጥ ቆማ ፊልም ያጠበች፣ ወረቀት ያሰጣች ሴት ናት። ካሜራ የሚይዝ እጅ ጠፋ ተብሎ ቤቱ ሲዘጋ ቁጭ ብላ ማየት አልሆነላትም። “እስቲ ልሞክረው” አለች። ዘመድ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር ሳቁ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቿ ግማሾቹ ጭንቅላታቸው ተቆርጦ ነበር የወጡት።

እየዋለ እያደረ እጇ ተፍታታ። ሴትነቷ ያከስራታል ያሉትም አፈሩ። በጨርጨር ሙስሊም ቤተሰቦች ሠርግ ሙሽራዋ የምትቀመጠው ጓዳ ውስጥ፣ በሴቶች ተከባ ነው፤ ባዕድ ወንድ እዚያ ዝር አይልም። ስለዚህ ሙሽሮቹ እንዲያ አምረው፣ እጃቸውን ሂና ተቀብተው፣ አንድ ፎቶ ሳይኖራቸው ይዳሩ ነበር። ሴት ፎቶ አንሺ አሰበ ተፈሪ ውስጥ አለች የሚለው ወሬ ከበደሳ እስከ ሂርና በአንድ በጋ ተዳረሰ። እናቶች ራሳቸው እየመጡ ቀን ያስይዟት ጀመር።

ችግሩ ጓዳ ጨለማ መሆኑ ነው። መስኮት የለው፤ የከተማው ጄኔሬተር ካልመሸ አይነሳ። የብሩ ፍላሽ ደግሞ የሚበላው አራት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ እነሱ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው ካልተገኘ አይገኙም። ቢገኙም ከአሥራ አምስት ብልጭታ በኋላ ይደክማሉ። አንዴ በደሳ ላይ በሙሽራዋ ፊት ፍላሹ እምቢ ብሏት፣ “ቆይ ትንሽ ይረፍ” እያለች የቤቱን ሰው ሁሉ ሩብ ሰዓት ፈገግ አስብላ አቁማለች። በመጨረሻ ፈገግታው ወደ ማዛጋት ተለወጠ።

ከፎቶ ቤቷ ቀጥሎ ያለው ሙሜ ራዲዮ ጠጋኝ ነው። ቁጡ፣ ቃል ቆጣቢ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅንድቡ የሚጨርስ ሰው። አንድ ቀን ፍላሹን እንደ ሰው ስትራገም ሰማትና ገባ።

“የትንሿ ድንጋይ ጉልበት ስንት ነው?” አላት።

“እኔ ምን አውቄ!”

“አንድ ተኩል። የትልቁ የእጅ ባትሪ ድንጋይስ? እሱም አንድ ተኩል። ልዩነቱ ሆዱ ነው። ትልቁ ብዙ በልቷል፣ ቶሎ አይርበውም።”

በማግስቱ ከዋንዛ እንጨት አራት ትንንሽ የውሸት ድንጋዮች ጠርቦ መጣ፤ ልክ የፍላሹን ሆድ የሚሞሉ። በሁለቱ ራስ ላይ ምስማር መትቶ ከምስማሮቹ ሽቦ አወጣ። ሽቦው አራት ትልልቅ ድንጋይ የሚይዝ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ሣጥኑ በጠፍር በትከሻ ይንጠለጠላል። የመጀመሪያ ቀን ሲሞክሩት ፍላሹ ሲር ብሎ ጮኾ፣ ቀይዋ መብራት ካለወትሮዋ ቶሎ በራች። ሙሜ ሊወጣ ሲል እግሩን በሩ ላይ ገታ አድርጎ፣ “ድንጋይ ሲደክም ጓደኛ ይጨመርለታል። በአዲስ ድንጋይ ከአራት ካለፍሽ ግን ፍላሹን ታቃጥይዋለሽ፤ ሌላ የለሽም” አላት። እሷም ይህን ሰው እንዴት እንደምታመሰግነው አታውቅም ነበር። ምስጋና ሲጀምሩለት የያዘውን ራዲዮ ድምፅ ከፍ ያደርጋል። ቢሆንም በየሠርጉ ሣጥኑን በተሸከመች ቁጥር በልቧ ትመርቀዋለች፤ ኬላ ላይ ጠባቂዎቹ ሽቦውን አይተው “መገናኛ ሬዲዮ ይዘሻል” ብለው አቁመዋት፣ እስኪያምኗት ድረስ አንድ በአንድ ፎቶ ያነሳቻቸው ቀን ብቻ ምርቃቱን ትንሽ ቀነሰች።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምህረት ሂርና ላይ ጫት ነጋዴው አብዱልቃዲር ልጁን ረዲያን ለመሰላ ሰዎች ዳረ። ዓይናዲስን የጠራቻት ግን የሙሽራዋ እናት ፋጤ ናት። ፋጤ ወገቧን ታማ ሦስተኛ ወሯ ነው፤ ከጓዳ አልጋዋ አትነሳም። ሐኪሙ ለቤተሰቡ ብዙ ጊዜ የላትም ብሏል፤ እሷም ሳይነግሯት አውቃዋለች። ከልጇ ጋር የተነሳችው አንድም ፎቶ የለም። የምትፈልገው ይህንኑ ነበር፤ አንድ ፎቶ፣ እሷና ረዲያ።

ዓይናዲስ ጠዋት እንደደረሰች አልጋው አጠገብ በርከክ ብላ፣ “ትንሽ ወደ በሩ ብናወጣዎትስ፣ አዴ ፋጤ? ደጅ ብርሃን ሞልቷል” አለች።

“ወላሂ አልነሳም” አለች ፋጤ። “ካነሱኝ እጮሃለሁ። ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ልጄ የናቷን ጩኸት ሰምታ ትሂድ? አንቺ እዚህ መብራት አምጪ።”

“አመጣለሁ” አለች ዓይናዲስ። በዚያ ጠዋት አዲስ ድንጋይ ሣጥኗ ውስጥ ከታ ስለነበር በሙሉ አፏ ነው ቃል የገባችው። ድንጋዩ ለጓዳው እንዲቆይላት ብላ ሣጥኑን ከአልጋው ሥር አስቀመጠችና፣ ሌላውን ሁሉ ደጅ በፀሐይ ስታነሳ ዋለች። ረዲያን ከጓደኞቿ ጋር፣ አክስቶቿን በመደዳ፣ ሙሽራዋን ሊወስድ ከመጣው ላንድሮቨር ፊት የቆሙትን አጃቢዎች አነሳች። ከወንዶቹ ዳስ የቴፕ መንዙማ መንደሩን ያናውጣል። “ዛሬስ ይሄ ቴፕ ምን በልቶ ነው?” ይባባላሉ ሰዎቹ።

ስምንት ሰዓት ሲል እናትና ልጅን ልታነሳ ጓዳ ገባች። ረዲያ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ዓይናዲስ ሽቦውን ሰክታ ፍላሹን ከፈተች። ሲር የለ፣ ቀይ መብራት የለ። ሣጥኑን ብትከፍተው ውስጡ ያሉት ጫፋቸው የዛገ፣ ያረጁ ድንጋዮች ናቸው።

“ምነው፣ አልሠራም?” አለች የፋጤ እህት መይሙና ደስ ብሏት እየተጠጋች። “ጠዋት አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሙቄልሽ ነበር እኮ! ከቴፑ ድንጋይ ጋር አንድ ላይ ሰፌድ ላይ አሰጣኋቸው። ፀሐይ ሲመታው ጉልበት ያገኛል።”

ደግነት ነበር። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት በዚያ አገር እናት ሁሉ የምታውቀው መላ ነው፤ ለራዲዮ አንድ ማታ ይጨምራል። ነገር ግን መይሙና ስትመልሰው አዲሱን ለቴፑ፣ የቴፑን አሮጌ ለሣጥኑ ሰጥታለች። ቴፑም ከጠዋት ጀምሮ ነቢዩን ሲያወድስ የዋለው በዓይናዲስ ድንጋይ ነው። የዓይናዲስ ደም ፈላ። ሰው ዕቃ ውስጥ እጅሽን ማን አስገቢ አለሽ ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን አልጋው ላይ ፋጤ እጇን የልጇ ጉልበት ላይ አድርጋ ታያታለች። ቁጣዋን ዋጠችው።

ቴፑ ተዘጋ፤ ወንዶቹ አጉረመረሙ። ዓይናዲስ ድንጋዮቿን ከቴፑ አምጥታ ሣጥኑ ውስጥ ከተተቻቸው። ፍላሹ እንደ ትንኝ ጢዝ አለ፤ ቀይዋ መብራት ግን ብትጠበቅ ብትጠበቅ አልመጣችም። የዚያን ጊዜ ድንጋይ ለቴፕ ግማሽ ቀንም አይበቃም ነበር። የኅብረት ሱቁ ውስጥ የገባው ድንጋይ ካለቀም ወር አልፎታል። በኩራዝ ብርሃን የካሜራውን ዓይን ቆየት አድርጌ ከፍቼ ላንሳ ብላ አሰበች፤ የፋጤ አንገት ግን ይንቀጠቀጣል፣ ፊቷ ጭስ ሆኖ ነው የሚወጣው። ይህ ሁሉ ሲሆን ደጅ አብዱልቃዲር ይጣራል፦ “በመሰላ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል! ወንዙ ሳይሞላ ልጅቷን አውጧት!”

መይሙና ያጠፋችው ያን ጊዜ ገባት። ማልቀስ ጀመረች፤ እያለቀሰችም ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ወጣች። ብዙ አልቆየችም። የጎረቤት ሴቶች አንድ በአንድ ወደ ጓዳው ገቡ፤ እያንዳንዷ ከሻርፗ ሥር የእጅ ባትሪዋን አወጣች። የበክሪ ሚስት የራዲዮዋን ድንጋይ ጨምራ አመጣች። ድንጋይ በጠፋበት ወር እነዚህ ሴቶች ማታ ወደ ከብት በረት የሚያዩበትን ብርሃን ነው ያመጡላት። በትንሽ አምፖል አንድ በአንድ ሞከረቻቸው፤ ሁሉም የደከሙ፣ አምፖሉን ፍም የሚያህል ቅላት ብቻ የሚሰጡ ናቸው።

ጓደኛ ይጨመርለታል ያለው የሙሜ ቃል ትዝ አላት። ስንት ጓደኛ እንደሆነ ግን አልነገራትም። ካነሰ ፍላሹ አይበራም፤ ከበዛ ይቃጠላል፤ ከተቃጠለም ፎቶ ቤቷ አበቃለት ማለት ነው። እንደገና ወደ ፋጤ ዞር ብላ አየች።

“ሰሌን አምጡልኝ” አለች።

ትንሿን ሰሌን እንደ ቧንቧ ጠቀለለችና ድንጋዮቹን ራስ ለጅራት አስከትላ ውስጧ ደረደረቻቸው። ሽቦው ስላጠረ ጥቅሉ አልጋው ጫፍ ላይ መጋደም ነበረበት። ሴቶቹ ዙሪያውን ተንበርክከው ሰሌኑን እንዲጨብጡ፣ ሁለቱ ደግሞ ከዳርና ዳር ከሣጥኑ የፈታችውን የሽቦ ጫፍ ድንጋዩ ላይ በጣታቸው እንዲገፉ ነገረቻቸው።

“አይነዝርም?” አለች ዘይቱና፣ አንደኛውን ጫፍ የያዘችው፤ በትኩስ ዘይት የተቃጠለ ጣቷ ገና በጨርቅ እንደታሰረ ነው።

“አይነዝርም። አጥብቀሽ ግፊው ብቻ።”

በአምስት ድንጋይ ፍላሹ ጢዝ አለ። በስድስት ድምፁ ትንሽ ቀጠነ። ሰባተኛውን አስገባች፤ ሽታ ይመጣ እንደሆን አፍንጫዋን ወደ ፍላሹ አስጠግታ ጠበቀች። ሽታ አልመጣም። ሲርታው ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ ሴቶቹ እስትንፋሳቸውን ዋጡ፤ አንዷ በለሆሳስ ሰለዋት ታወርዳለች። ቀይዋ መብራት በራች። ሴቶቹ “ቢስሚላህ” ሲሉ ዓይናዲስ “በስመ አብ” አለች። ረዲያ ጉንጯን ከእናቷ ጉንጭ ጋር አገናኘች። ጓዳው አንድ ጊዜ ቦግ ብሎ ጠፋ።

ሁለተኛ ለማንሳት ጊዜ አልነበረም። ረዲያን አወጧት፤ ፋጤም እንደፈለገችው ልጇ ጩኸቷን ሳትሰማ ሄደች።

ዓይናዲስ አሰበ ተፈሪ እስክትደርስ በልቧ ስትማጸን ነበር። ፋጤ ዓይኗን ጨፍና ቢሆንስ? ብልጭታው ደካማ ቢሆንስ? ጨለማው ክፍል ውስጥ ወረቀቱን መድኃኒቱ ላይ ጣል ስታደርግ እንደ መጀመሪያ ቀኗ ፈራች። መጀመሪያ የረዲያ ሻሽ መጣ፤ ቀጥሎ ሁለት ጉንጮች፣ ቀጥሎ አራት ዓይኖች፣ ሁሉም የተከፈቱ። እዚያው ቆማ አለቀሰች። ተመስገን አለች፤ ለፈጣሪ፣ ለዚያ ቁጡ ራዲዮ ጠጋኝ፣ በኩራዝ ላመሹት የሂርና ሴቶች፣ ለመይሙናም ጭምር። ያንን የምስጋና ቀን በዕድሜዋ ከሚቆጠሩት አንዱ አድርጋ ያዘችው።

በሳምንቱ ፎቶውን ራሷ ይዛ ሂርና ወረደች። ፋጤ ሁለት ትራስ ተደግፋ ተቀበለቻት፤ ከስታለች። ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። “አልሐምዱሊላህ። ገለቶሚ፣ ያ ኢንተላ” ብላ አመሰገነቻት። ከዚያ ጣቷ ከፊቶቹ ላይ ተነስቶ ወደ ፎቶው ዳር ሄደ፤ እዚያ በግማሽ የተቆረጠ ሰሌንና ዙሪያውን የጨበጡ ብዙ እጆች ይታያሉ። “ይህቺ መይሙና ናት” አለች። “ይህቺ የበክሪ ሚስት። ይህቺ ጣቷ የታሰረው ዘይቱና።”

ዓይናዲስ አፈረች። በሙያዋ የማይገባ ነገር ፎቶ ውስጥ ሲገባ አትወድም። “ሽቦው አጥሮብኝ እንጂ እጆቹ ባልገቡ ነበር፣ አዴ ፋጤ። ዳሩን ልከርክመው፤ እርስዎና ረዲያ ብቻ ትቀራላችሁ” ብላ መቀሷን አወጣች።

ፋጤ ፎቶውን ደረቷ ላይ ሸሸገችው።

“የግድ ከሆነ በኔ በኩል ቁረጪ” አለች። “እኔ ሂያጅ ነኝ። ረዲያ ከመሰላ ስትመጣ በር የሚከፍቱላት እነዚህ ናቸው።”

ዓይናዲስ መቀሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።