አጎቴን ላነብ ወደ ጎባ

ማለዳ፣ አዲስ አበባ መነኻሪያ

ገና ሳይነጋ ደርሻለሁ። ረዳቱ «ሮቤ! ሮቤ! የሞላ!» እያለ ይጮኻል፤ አውቶቡሱ ውስጥ ያለነው ግን እኔና ዶሮ የታቀፉ አንዲት እናት ብቻ ነን። ውሸት በጠዋቱ! እንደምንም ሞላና ተንቀሳቀስን። ቦርሳዬ ውስጥ ወፍራም ሹራብና ሽፋኑ የተገነጠለ የተረት መጽሐፍ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ጋሽ ታደሰ ጎባ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን አማርኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ካረፉ ወዲህ አንደበታቸው ተዘጋ። አያለቅሱም፣ አመመኝ አይሉም፤ ዝም። ስንደውል ስልኩን ያነሱታል፣ ትንፋሻቸው ይሰማል፣ ቃል ግን የለም። ወንድሞቼ መክረው «እዚያ ብቻቸውን አይቀመጡም፤ ሂጂና ይዘሻቸው ነይ» ብለው ላኩኝ። እኔ ግን ጋሼን ከጎባ ነቅሎ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ማስቀመጥ አልተዋጠልኝም።

ትናንት ደግሞ የግድግዳ ጎረቤታቸው ሐጂ ቃዲር ደወሉልኝ። «ልጄ ሰብለ፣ ከመውሰድሽ በፊት አደራ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው» አሉኝ። የጋሼ ዓይን ደክሞ ማንበብ ቢያቅታቸው ነው ለካ የተከፉት፣ ሐጂ አንብቢለት ማለታቸው ነው ብዬ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አወረድኩ። ልጅ ሆኜ ክረምቱን ጎባ ስከርም ማንበብ ያስተማሩኝ በእሱ ነው።

ረፋድ፣ አርሲ

አዳማ ላይ የወለቀ ሹራብ አሰላ ላይ ይለበሳል። ለቁርስ ወረድን። የሻዩን ዋጋ ስሰማ «ብርጭቆውን ይዤው ልሂድ እንዴ?» አልኳት አስተናጋጇን። ሳቀች፤ ዋጋው ግን አልቀነሰም።

ከበቆጂ ወዲያ ግራና ቀኙ ስንዴ ነው። ሾፌሩ መንዙማ ከፍቷል። ዶዶላን እንዳለፍን ባለዶሮዋ እናት «አንተ ልጅ፣ የእኛንም ድርሻ እንጂ!» አሉት። ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸውና «እሺ እማማ፤ ዶሮዋስ የቱን ትወዳለች?» ብሎ መዝሙር አደረገ። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። እስከ ሮቤ ድረስ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየተከፈተ ሄድን፣ ማንም ቅር አላለውም።

ከሰዓት፣ ዲንሾና ሮቤ

ዲንሾ ጭጋግ ለብሳለች። ብርድ ልብስ የተከናነቡ ፈረሰኞች ከጉሙ ብቅ ይሉና መልሰው ይጠፋሉ። አንድ ቀንዳም አጋዘን መንገድ ዳር ቆሞ በንቀት አየን።

ከዚያ ቁልቁል ወርደን የሮቤ ሜዳ ተዘረጋ። ባጃጁ፣ የፈረስ ጋሪው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ማዳበሪያ የጫነው አይሱዙ አንድ መንገድ ላይ ይጋፋሉ። የጎባው ሚኒባስ ረዳት «ኮቱ፣ ነይ እህቴ! አንድ ሰው ብቻ!» ብሎ ጎተተኝ። እንደተለመደው ከእኔ በኋላ ብዙ «አንድ ሰው» ገባ።

አመሻሽ፣ ጎባ

ሐጂ ቃዲር ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁኝ፣ በእጃቸው ጆግ ይዘው። «አካም ጂርታ ልጄ? ነጋ? ሰላም ነሽ? ቤተሰብ ደህና?» ጆጉን ሳይ ጊዜ «ወተት እንዳይመስልሽ፣ ዛሬ ረቡዕ አይደል? ተልባ ነው። የታደሰን ጾም ከሱ ይልቅ የምቆጥረው እኔ ሆኛለሁ» አሉኝ።

መጽሐፉን አውጥቼ አሳየኋቸው። «ይኸው፣ ላነብላቸው ይዤ መጣሁ።»

ሐጂ አንዴ መጽሐፉን አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ ፂማቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ያ ረቢ! እኔ እኮ አናግሪው ማለቴ ነው! በኦሮምኛ ‹ዱቢሲ› ስንል ለመጽሐፍም ለሰውም ነው። መጽሐፍ ታነቢያለሽ፣ ሰውም ታናግሪያለሽ፣ ቃሉ ያው ነው። ስጨነቅ አማርኛዬ ይምታታብኛል።»

ያን ሁሉ መንገድ በስህተት መጽሐፍ ተሸክሜ! እኔም ሳቅሁ። ሐጂ ግን ሳቃቸው ቶሎ ጠፋ። «ድሮ ከዐስር ሶላት በኋላ እዚህ ደጃፍ ተቀምጠን ጋዜጣ ያነብልኝ ነበር። አሁን እሱም ይቀመጣል፣ እኔም እቀመጣለሁ። ብናገር አይመልስልኝም። ልጄ፣ ዝም ቢልም ግድ የለም፣ እዚሁ ይሁንልኝ። ከወሰድሽው እኔ ከማን ጋር ልቀመጥ?» ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ። ጆጉን ተቀበልኳቸው።

ቤት ገባሁ። ጋሼ ግንባሬን ሳሙኝ፣ ወንበር አመለከቱኝ፣ በቃ። እኔ ዝምታ አልችልበትም፤ ስለ ዘመድ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ባለዶሮዋ እናት ለፈለፍኩ። አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ነገ ይዤዎት ልሄድ ነው ስላቸው እንኳ ነቀነቁ። ይሄኔ ከልቤ አለቀስኩ።

በማግስቱ፣ በረንዳው ላይ

የጋሼን ልብስ በሻንጣ አዘጋጅቼ ጨረስኩ። ፀሐይዋ በረንዳውን ይዛዋለች። ሌላ የማደርገው ባጣ፣ ያን በስህተት የመጣ መጽሐፍ ገለጥኩና ማንበብ ጀመርኩ።

«ገና ሲደርስ የመንደሩ ልጆች ዱላቸውን ይዘው ወደ ሜዳ ወጡ…»

‹ገና›ን አላልቼ አነበብኳት፣ ‹ገና አልመጣም› እንደሚባለው። ማን እንደደረሰ እንኳ ሳላስብ መንገዴን ቀጠልኩ።

የጋሼ ጣት ከጉልበታቸው ላይ ተነሳች።

«ይጠብቃል።»

መጽሐፉ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። «ምን አሉ ጋሼ?»

«ገና! በዓሉ ነው እንጂ! ‹ና› ይጠብቃል! ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ?» ድምፃቸው እንደ ዛገ ማጠፊያ ነበር፣ ግን የድሮው አስተማሪ ድምፅ ነው።

ሐጂ ለካ የግቢውን በር ከፍተው እየገቡ ነበር። ለፊደል የሚባለው ‹ይጠብቃል›ና ለፈጣሪ የሚባለው ‹ይጠብቃል› በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ ለሐጂ ጆሮ ደግሞ በድምፅም አንድ ናቸው። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «አልሐምዱሊላህ! አዎ ታደሰ፣ ይጠብቃል! አላህ ይጠብቃል! ይሄንኑ አይደል ስልህ የከረምኩት?»

ጋሼ አፍጥጠው አዩዋቸው። መጀመሪያ ሳቁ፣ ሳቁ መሀል ላይ ልቅሶ ሆነ፣ እንደገና ሳቅ ሆነ። «ቃዲር፣ እኔ እኮ ስለ ፊደል ነው የማወራው» አሉ ትንፋሽ ሲያገኙ።

«ስለፈለግኸው አውራ» አሉ ሐጂ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። «ብቻ አውራ።»

እስከ ምሳ ሰዓት አነበብኩ። ጋሼ ያርማሉ፣ ሐጂ «ልጆቹስ? ከዚያስ?» ይላሉ። ሐጂ ለዙህር ተነስተው ሲሄዱ ጋሼ «እስኪመለስ ገጹን እንዳትገልጪ» አሉኝ። ወንድሜ ሲደውል ስልኩን ለእሳቸው ሰጠሁ። «አልመጣም። እዚህ ሥራ አለኝ» አሉትና ዘጉበት። ሻንጣውን ፈታሁት። ደስታዬን የት ላድርሰው!

መልስ

ሚኒባሱ ድረስ ሁለቱም ሸኙኝ። መጽሐፉ ሐጂ ብብት ውስጥ ነው። ጋሼ በመስኮቱ አንገታቸውን አስገብተው በጥርጣሬ አዩኝ።

«እውነቱን ንገሪኝ። ያቺን ቃል ሆን ብለሽ ነው ያላላሻት?»

ሞተሩ ተነሳ።

«ይጠብቁ» አልኳቸው፣ «ለገና መጥቼ እነግርዎታለሁ።» ‹ገና›ን አጥብቄ ነው ያልኳት።