የሶስና ኮረኮንች

የግራ ጉልበቴን ስዳስስ ከቆዳው ሥር ምስር የምታክል ጠጠር አለች። በቀደም ራጅ ያየልኝ ሐኪም «ይቺ ነገር ትውጣልህ እንዴ?» ቢለኝ «ትቀመጥ፣ አታስቸግረኝም» ብዬው ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ግን ሲግናል እስክወርድ ድረስ የማስበው ስለ ጉልበቴ ሳይሆን ስለ እህቴ ስለ ሶስና ነበር። እሷ የዐሥር ዓመት፣ እኔ የዐሥራ ሁለት፣ ከኮተቤ በላይ ባለው ጫካ ውስጥ።

ሶስና በሦስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት ከሞት ተርፋለች፤ ጆሮዋ ግን አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ቤታችን የራሱን የእጅ ቋንቋ ፈጠረ። አባዬ ማለት በጣቶች ዓይን ላይ የሚሠራ መነጽር ነበር፤ እኔ ደግሞ ጆሮዬ ትልቅ ስለሆነ ስሜ የጆሮ ጫፍ መጎተት ሆኖ ቀረ። ሰው ሲያወራ ወይም ሲዘፍን ሶስና መዳፏን ጉሮሮው ላይ ታሳርፋለች። ድምፅ ለእሷ በእጅ የሚነካ ነገር ነበር።

አባዬ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ወደ ሥራ የሚመላለስባት ትልቅ ጥቁር ብስክሌት ነበረችው፤ ለእኛ ደግሞ ከዚህም ከዚያም ጎማና ካቴና ለቃቅሞ አንዲት ትንሽ ብስክሌት ገጣጠመልን። ሶስና ከእኔ ቀድማ ለመደች። አንድ ቀን ግን የአስፋልቱን ጠርዝ ይዛ ስትነዳ ሚኒባስ ከኋላዋ ክላክሱን እያንባረቀ መጥቶ መስታወቱ ክርኗን ታክኮ አለፈ። ልጅቷ ዞር እንኳ አላለችም። እማዬ ይህን ከበር ላይ ሆና አየች። «የፈሩት ይደርሳል፤ ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ልጅ ብስክሌት ላይ አትወጣም» አለች።

አባዬ ከእማዬ ጋር መከራከር አይወድም። በሦስተኛው ቀን ግን «መኪና የማይገባበት መንገድ ባገኝላትስ?» አላት።

አገኘም። ከመጨረሻዎቹ ቤቶች በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ወዲያ፣ ለእንጨት ቆራጮች የተጠረገ ኮረኮንች መንገድ ነበር። መግቢያው ላይ ግንድ ስለተጋደመበት መኪና አያልፍም። ብስክሌቶቻችንን በግንዱ ላይ አሻግረን ስንገባ የከተማው ጫጫታ ከኋላችን ይቀራል። መንገዱ በጽድና በባሕር ዛፍ መሐል እየተጠማዘዘ፣ ታች ወንዙ ላይ እስካለው ድልድይ ይወርዳል፤ ዝናብ ካረፈበት ሽታው አፍንጫን ይከፍታል፤ ጠጠሩ ከጎማው ሥር ከሽ ከሽ ይላል። እኔ የአባዬ ብስክሌት ኮርቻ ላይ ስለማልደርስ አንድ እግሬን በብረቱ መሐል አሾልኬ ጎብጬ ነበር የምነዳው።

የአባዬ ሕግ አንድ ነበር፤ እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። እኔ ከቆምኩ ትቆማለች።

ሰፈር ውስጥ ልጆች ድምጿን እያስመሰሉ ስለሚስቁባት ሶስና አፏን ገጥማ ነበር የምትውለው። እዚያ ጫካ ውስጥ ግን ቁልቁለቱ ሲይዛት አፏን ከፍታ ትስቃለች፤ እሷ ራሷ የማትሰማው፣ ወፍራምና ጎርናና ሳቅ። እኔ ከፊት ሆኜ ስሰማው ሆዴ ይሞቃል።

ክረምቱ በወጣ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ሁለታችን ብቻ ወጣን። ከመንገዱ ዳር እንጆሪ በስሎ ስላየሁ ብስክሌቴን ጥዬ መልቀም ጀመርኩ። ሶስና ትንሽ ጠበቀችኝና ጆሮዋን ጎተተች፤ ደረቷን ነካች፤ ወደ ፊት አመለከተች። ልቅደም ማለቷ ነው። በየደቂቃው ዞር እያልኩ እሷን ማየት ሰልችቶኝ ነበርና አፌ እንደሞላ በእጄ «ሂጂ» አልኳት።

ብዙም ሳይቆይ የጫካው ጥበቃ ጋሽ በዳዳ በቦቲ ጫማቸው ጭቃ እየረገጡ ብቅ አሉ።

«እህትህስ?» አሉኝ።

«ወደ ታች ወረደች።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «የታቹን ድልድይ ትናንት ጎርፍ ወስዶታል እኮ! መንገዱን የምዘጋበት እንጨት ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

«ሶስና!» ብዬ ጮህኩ። ጋሽ በዳዳም ፊሽካቸውን በኃይል ነፉ። ወፎቹ ከየዛፉ ተነሱ፤ ጫካው በሙሉ ሰማን፤ እሷ ግን አትሰማም። ይህ ትዝ ያለን እየጮህን ነው።

መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ በገደሉ በኩል ግን ቀጥታ ይወርዳል። በሚያንሸራትተው ቅጠል ላይ ከዛፍ ዛፍ እየተላተምኩ ወረድኩ። መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ስደርስ መጣች፤ እግሮቿን ከፔዳሉ አንሥታ ግራና ቀኝ ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ፣ ያንን ሳቋን እየሳቀች። ድልድዩ ከኋላዬ ሃያ እርምጃ አይሞላም። እጆቼን ዘርግቼ መሐል መንገድ ገባሁ። ፍሬን ያዘች፤ ጎማው በጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ፤ ተያይዘን ወደቅን፤ ግራ ጉልበቴ ጠጠሩ ላይ ተገሸለጠ።

ቀድማ የተነሣችው እሷ ነበረች። ትከሻዬን በጥፊ መታችኝ፤ ጆሮዋን እየጎተተች ለምን፣ ለምን ትለኛለች። ፊቷን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ኋላዬ አዞርኩት። ድልድዩ የነበረበት ቦታ አፉን ከፍቷል፤ ከሥሩ ደፍራሽ ውኃ ይጋልባል። ብዙ ቆማ አየችው። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና መዳፏን ጉሮሮዬ ላይ አደረገች። ያኔ ነው ያወቅኩት፤ አሁንም ስሟን እየጠራሁ ነበር። ዝም እስክል ድረስ እጇን አላነሣችም።

ቤት ያደረሱን ጋሽ በዳዳ ናቸው። «እትዬ፣ ይህ ልጅ እህቱን አተረፈ» ብለው ለእማዬ ነገሯት። እማዬ እያለቀሰች ሳመችኝ። ትንሿ ብስክሌት ግን ያንኑ ቀን ግድግዳ ላይ ተሰቀለች። ሶስና ወንበሯን ወደ ብስክሌቷ አዙራ ነበር የምትቀመጠው፤ ምግብም እምቢ አለች። የሳመችኝ ቦታ እያቃጠለኝ ሁለት ቀን ቻልኩ። በሦስተኛው እማዬ ጉልበቴን ለብ ባለ የጨው ውኃ ስታጥብልኝ «እማዬ፣ ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። እንጆሪ ልበላ ብዬ» አልኳት።

ጥፊ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ጨርቁን ጨምቃ ቀና ሳትል «እሷስ ለምን መቅደም ፈለገች?» አለችኝ።

አስቤው አላውቅም ነበር። «ሁልጊዜ የምታየው የእኔን ጀርባ ነዋ» አልኳት።

ጨርቁን እንደገና ነክራ ጉልበቴን ማጠቡን ቀጠለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሸራ ጫማዋን አድርጋ አብራን ወጣች። ግንዱ ላይ ተቀመጠችና ለሶስና በጣቷ አንድ ዛፍ አሳየቻት፤ እስከዚያ ድረስ፣ ብቻዋን፣ ከፊቷ ማንም ሳይኖር። ሶስና ሄዳ ተመለሰች። በሚቀጥለው ቅዳሜ እማዬ ከዚያ የራቀውን ዛፍ አሳየቻት። የእንጨት ድልድይ ከተሠራ በኋላ ሶስና ለመጀመሪያ ጊዜ ከመታጠፊያው ጀርባ ስትሰወር እማዬ ብድግ ብላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች። ያ ጎርናና ሳቅ ከዛፎቹ መሐል እየቀረበ እስኪመጣ ድረስ አልተቀመጠችም።

ዛሬ ግንዱ የነበረበት ቦታ አጥርና ፎቅ ነው። እንጦጦ ላይ የተነጠፈ የብስክሌት መንገድ አለ፤ ብስክሌቱ ይከራያል፤ ለራስም ቆብ ይሰጣል። እማዬ አርፋለች። ሶስና ጉርድ ሾላ ባለ ቢሮ የሕንፃ ንድፍ ትሠራለች፤ ሳናድዳት በቪዲዮ ስልክ በሁለት እጇ ትሰድበኛለች። የእኔ ልጅ ደግሞ ብስክሌት የለመደችው ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ በቆሙ መኪኖች መሐል ነው፤ እኔ ከበረንዳ ላይ «ቀስ!» ስላት።

ባለፈው እሑድ ሦስታችን እንጦጦ ወጣን። ስልኬን ይዤ ከልጄ ኋላ ስሮጥ፣ ፍሬን ያዢ ስል፣ ሶስና ክንዴን ያዘችና ሣሩ ላይ አስቀመጠችኝ። ተዋት አለችኝ። ልጄ በጽዶቹ መሐል እያነሰች፣ እያነሰች ሄደች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ልጠራት አፌን ከፍቼ መልሼ ገጠምኩት። እማዬ በየቅዳሜው አንድ ዛፍ ስታርቅ ምን ያህል ይከብዳት እንደነበር የገባኝ ገና አሁን ነው።