ለግራኝ የሚሆን ጠመንጃ

ባለፈው ሐሙስ ልጄ ደብዳቤ ደረሰው። እዚህ ስዊድን አሥራ ስምንት ዓመት ለሚሞላው ወጣት ሁሉ የሚላክ የውትድርና ደብዳቤ ነው። ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ጤናው፣ ስለ ዓይኑ፣ ስለ እንቅልፉ ረጅም መጠይቅ ይሞላል፤ አብዛኛው ልጅ ከዚያ በኋላ አይጠራም። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ልጄ አማርኛ ይሰማል፣ መልሱ ግን ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው። ቀና እንኳ ሳይል፣ "እማ፣ አንቺ ጠመንጃ ነክተሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ። ለጨዋታ ያህል ነው የጠየቀው።

"የራሴ ነበረኝ እኮ" አልኩት።

ጣቶቹ ባሉበት ቀሩ። ከዚያ በኋላ መጠይቁ ቀርቶ ወሬው የኔ ሆነ። ለሱ የነገርኩት አጠር ያለ ነበር፤ እዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ላስታውሰው።

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ብሬዴንግ በሚባል ሰፈር ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ረዳት ነርስ ነበርኩ። ከእናቴ ጋር ቮርቢ ጎርድ አምስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን፤ በቀዩ ቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ለሥራዬ ቅርብ ነው። በመሥሪያ ቤቴ ወጥ ቤት ኡላ የምትባል ስዊድናዊት ነበረች። ወደ ስድሳ የተጠጋች፣ ክንዷ የናት ክንድ፣ ንግግሯ አጭር። አንድ ሐሙስ የአተር ሾርባዋን እያማሰለች ቅዳሜ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ልብስ አጥባለሁ አልኳት።

"ልብሱ እሁድም ይታጠባል። ነይ፣ የኔን ቦታ ላሳይሽ" አለች።

ቦታዋ የተኩስ ክበብ መሆኑን የነገረችኝ አውቶቡስ ላይ ከወጣን በኋላ ነው። እግሯ ሥር ያለው ረጅም ቦርሳ የዓሣ ማጥመጃ መስሎኝ ነበር። ስሰማ እግሬን ሰበሰብኩ። ጠመንጃ በቅርብ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ደጃችን ላይ፣ ታላቅ ወንድሜን ደረጀን ለውትድርና አፍሰው ሊወስዱ የመጡት ሰዎች ትከሻ ላይ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ደረጀ አልተመለሰም። መርዶውን ያመጣ ሰው መጣ፣ ተለቀሰ፣ ከዚያ ወዲያ እናቴ ስሙን አታነሳም፤ እኔም አላነሳም። እንዲህ ሆነን ነው ስዊድን የገባነው።

ታዲያ ለምን ከአውቶቡሱ አልወረድኩም? ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ። ፈርቼ ነበር፤ ግን የምፈራውን ነገር ከቅርብ ማየትም ፈልጌያለሁ።

መስከረም መጨረሻ ነው። ከአውቶቡሱ ወርደን የጠጠሩን መንገድ ስንይዝ በርች የሚባለው ዛፍ ሁሉ ቢጫ ሆኗል፣ ጫካው እርጥብ አፈርና እንጉዳይ ይሸታል። እኔ የጠበቅኩት ጩኸትና ፉከራ ነበር። ያገኘሁት ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣ አንዲት የጥርስ ሐኪም፣ ጥቂት የሹራብ ቀሚስ የለበሱ ሴቶች፣ የቀረፋ ዳቦና ቴርሞስ የተደረደረበት የእንጨት ጠረጴዛ ነው። ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ያወራል። ሲተኩሱ ደግሞ ጭራሽ ይረጋጋሉ፤ ትንፋሽ ይዘው፣ ለቀቅ አድርገው፣ ጠብቀው።

ኡላ ምንጣፍ ላይ አስተኝታ የክበቡን ጠመንጃ ሰጠችኝ። ሰደፉን ሳላስበው በግራ ትከሻዬ ላይ አሳረፍኩት።

"ግራኝ ነሽ!" አለች።

ነኝ። ትምህርት ቤት በቀኝ መጻፍ በግድ አስለምደውኛል፤ ያላስለመዱኝ ነገር ሁሉ ግን በግራ ነው። ችግሩ ያ ጠመንጃ በየጥይቱ ቃታው፣ ጥይት የሚያጎርሰው ብረት፣ በእጅ የሚሳብ ነው፤ ቃታው ደግሞ በቀኝ በኩል። አንድ በተኮስኩ ቁጥር ጠመንጃውን ከትከሻዬ አውርጄ፣ እጄን በላዩ አዙሬ፣ እንደገና እጀምራለሁ። ፖስተኛው ሲያየኝ ቆይቶ የራሱን አዋሰኝ። የሱ ከፊል አውቶማቲክ ነበር፤ ምላጩን ስትስቢ ጥይቱ ይሄዳል፣ ባዶው ቀለህ ተፈናጥሮ ይወጣል፣ ቀጣዩ ጥይት በራሱ ይጎርሳል። ከፊት ለፊት አምስት ጥቁር የብረት ሳህኖች ተደርድረዋል፤ ሲመቱ ይወድቃሉ። ሁለቱን ጣልኩ። በሦስተኛው ላይ የጋለ ቀለህ ፊቴን አቋርጦ በአንገቴ በኩል ልብሴ ውስጥ ገባና እየጮህኩ ብድግ አልኩ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ከሳቁ በኋላ ግን ጥያቄ ያዘኝ። ማነው ከውስጥ ሆኖ ጥይቱን የሚያቀብለው? ኡላ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግታ ፈታችልኝ። ጥይቱን ወደፊት የሚገፋው ኃይል ቃታውን ወደኋላ ይመታዋል፣ ሞላው መልሶ ይገፋዋል፣ ሲመለስ ከካዝናው ጥይት ይዞ ይገባል። በቃ ይኸው ነው። የሰው እጅ የምታክል ብረትና አንዲት ሞላ። ያን ሁሉ ዘመን በልቤ ያገዘፍኩት ነገር ጋዜጣ ላይ ተዘርግቶ አየሁት።

ክረምቱን በሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄድኩ። ለእናቴ ከኡላ ጋር በእግር እንንሸራሸራለን እላታለሁ፤ መንገዱ በእግር ስለሆነ ግማሹ እውነት ነው። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ክበቡ አዘውትራ ትተኩሳለች የሚል ወረቀት ጻፈልኝ። ቀጥሎ የራሴን መምረጥ ነበረብኝ፤ ለፖሊስ ፈቃድ የሚጠየቀው አንድን ጠመንጃ ለይቶ ነውና። የረዳት ነርስ ደመወዝ የሚችለውን ፈልጌ ከአንድ ሱቅ የዋጋ ዝርዝር ላይ ሦስቱን በእስክሪብቶ አከበብኩ።

አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስገባ እናቴ ዝርዝሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ መነጽሯን አድርጋ ጠበቀችኝ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጠመንጃ ነው፣ እማዬ።"

"እሱንማ አየሁ። ክቡን ነው የምልሽ።"

"ልገዛ ያሰብኩት ነው። ለዒላማ ብቻ ነው፣ ካርቶንና ብረት ነው የምንመታው፤ ኡላም አለች፣ የጥርስ ሐኪም አለች..." ተንተባተብኩ። ቤቱን በእግዚኦታ ትሞላዋለች ብዬ ነበር። እናቴ ግን ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጋች።

"ሦስት ነው ያከበብሽው። ልዩነታቸው ምንድን ነው?"

በዕድሜዬ ከጠየቀችኝ ሁሉ ያላሰብኩት ጥያቄ ይሄ ነበር። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አንደኛው አዲስ ነው፣ ሰደፉ ፕላስቲክ፣ ቀላልና ርካሽ፤ ግን ርካሽ ጥይት ሲያጎርሱት ይነክሳል፣ ጥይቱ ይቀረቀርበታል ይላሉ። ሁለተኛው ማንኛውንም ጥይት ይበላል፣ ሰደፉ ግን ለኔ ክንድ ይረዝማል። ሦስተኛው ሰው የተገለገለበት አሮጌ ነው፤ እንጨቱ ተፍቋል፣ ካዝናውም አንድ ብቻ ነው። እናቴ የገበያ ዕቃ እንደሚነገራት ሰው ራሷን እየነቀነቀች ሰማች።

"መቼ ነው የምትሄጂው?"

"ቅዳሜ።"

"አብሬሽ እሄዳለሁ። አይቼው ነው ቤቴ ይገባል አይገባም የምለው።"

ሱቁ ሶደርማልም በሚባል ሰፈር፣ ደረጃ ወርደው የሚገቡበት ምድር ቤት ነበር። የማሽን ዘይትና የቆዳ ሽታ አለው። ባለሱቁ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። እናቴ በወፍራም ካፖርቷ ላይ ነጠላዋን እንደተከናነበች ባንኮኒው ጫፍ ቆመች። ባለሱቁ እንደ አገሩ ልማድ "አንቺ" እያለ ነው የሚያናግራት፤ እኔ ስተረጉም ሁሉንም "እርስዎ" አደረግኩት።

ፕላስቲኩን አነሳሁ። መጫወቻ ይመስላል። ረጅሙን ትከሻዬ ላይ ሳሳርፍ ባለሱቁ ወዲያው አየኝ።

"ግራኝ ከሆንሽ ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ" አለ። "እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት ለቀኝ ሰው ነው። ቀለሁን ወደ ቀኝ ነው የሚወረውሩት፤ አንቺ ጋ ሲሆን ፊትሽን ያቋርጣል። ለግራኝ ተብሎ የተሠራ አለ፣ ዋጋው ግን ሦስት እጥፍ ነው። ይቺን አሮጌዋን እያት እስቲ።" የእንጨቷን አወጣ። ቀለሁ በሚወጣበት ቀዳዳ ጎን ትንሽ የብረት ክንፍ በሁለት ብሎን ታስራለች። "የቀድሞ ባለቤቷም ግራኝ ነበረች። ባሏ ነው የሠራላት። ቀለሁን ወደ ታች ይመልሰዋል።"

"ምን እያለ ነው?" አለች እናቴ።

ተረጎምኩላት። የብረቷን ክንፍ በጣቷ ነካች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ "ደረጀም ግራኝ ነበር" አለች።

አላውቅም ነበር። ስሙን ከአፏ ከሰማሁት ስንት ዓመቱ።

"አባትሽ እየመታ ለማዕድ ቀኙን አስለመደው። ድንጋይ ሲወረውር ግን በግራው ነው። ኳስ ሲመታም በግራው።" ዓይኗን ከጠመንጃዋ ላይ አልነቀለችም። "ጠይቂልኝ እስቲ። ለነዚያ ልጆች የሚሰጣቸውስ ጠመንጃ? ግራኝ ሲይዘው ፊቱን ይመታዋል?"

ለባለሱቁ ስለ ወንድሜ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ። በወጣትነቱ ወታደር እንደነበረ ነገረን፤ ከዚያም ለደንቡ ያህል ሳይሆን አስቦበት መለሰ። "የነሱ ቀለሁን ወደፊትና ራቅ አድርጎ ነው የሚጥለው። ብዙ ጊዜ አይመታም። ጭሱ ግን ወደ ፊቱ ይመጣበታል። ምናልባትም በቀኝህ ተኩስ ብለውት ይሆናል፤ እኛ ጋም እንደዚያ ነበር።"

"እዚያም በግድ ቀኝ" አለች እናቴ ለራሷ። ቀጥላ፣ "ክብደቱስ?"

ሽማግሌው ወደ ጓዳ ገብቶ ወፍራም የውድድር ጠመንጃ ይዞ መጣ። ጥይት የጎረሰ የወታደር ጠመንጃ በግምት ይሄን ያህላል ብሎ በሁለት እጁ አቀበላት። እናቴ ቦርሳዋን አስያዘችኝና ተቀበለችው። ወደ ትከሻዋ አላነሳችውም። በቀኝ እጇ አንጠለጠለችው፣ ጥቂት ቆይታ ወደ ግራዋ አዛወረችው፣ እንደገና ወደ ቀኝ። በሱቁ ውስጥ አራት አምስት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች። ሌላ ገዢ ሊገባ በሩን ከፍቶ ነበር፤ እሷን ሲያይ ደረጃው ላይ ቆመ።

"ከቦኖ ውሃ ሲያመጣ ሦስቴ ያርፍ ነበር" አለችኝ። "ሰነፍ እለው ነበር እኮ።"

አላለቀሰችም። ጠመንጃውን ለባለቤቱ መለሰችና ከምታውቃቸው ጥቂት የስዊድንኛ ቃላት አንዱን "ታክ" ብላ አመሰገነችው። ከዚያ በአገጯ ወደ አሮጌዋ ጠቆመች። "እቺን ግዢ። ፊትሽን አትመታሽም።"

ፈቃዱ እስኪመጣ ሳምንታት አለፉ። ሕጉ የሚጠይቀውን የብረት ቁም ሣጥን ሁለት የሰፈር ልጆች በመከራ አምስተኛ ፎቅ አወጡልንና ከክረምት ልብሳችን ጎን ግድግዳው ላይ በብሎን ታሰረ። እናቴ የመጀመሪያውን ሳምንት በዚያ በኩል ባለፈች ቁጥር ታማትብ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ላዩ ላይ የፈትል ክሯን አስቀመጠችበት።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ልምጣ አለች። ጫካው ለምልሟል፣ የጠጠሩ መንገድ ዳር ነጫጭ አበባ ነው። ዳቦ ጋግራ ይዛ ነበር፤ ፖስተኛው ሁለት ጊዜ ቆርሶ በላ። ኡላ የጆሮ መከለያውን ከነጠላዋ በላይ አደረገችላት። እኔ ምንጣፉ ላይ ስተኛ እናቴ መጥታ በጎኔ ተንበረከከችና መዳፏን ግራ ትከሻዬ ላይ፣ ሰደፉ ከሚያርፍበት ትንሽ ወደኋላ አደረገች።

"ተኩሺ" አለች።

አንድ ተኮስኩ። ሳህኗ ወደቀች። እጇ አልተነሳም።

"እንዲህ ነው የሚገፋው?"

"የኔ ትንሽ ናት፣ እማዬ። የሱ በጣም ይበልጣል።"

"ምን ያህል?"

ለኡላ አስተላለፍኩላት። ኡላ ቃል ፈልጋ ስታጣ እጇን ጨብጣ የእናቴን ትከሻ በልክ፣ ግን ጠንከር አድርጋ ገፋቻት። እናቴ ትንሽ ወደኋላ ሄደችና ራሷን ነቀነቀች፤ ገባኝ ማለቷ ነው። አምስቱንም ሳህን እስክጥል እጇ ትከሻዬ ላይ ነበር። ከተነሳን በኋላ መሬት ላይ ካሉት ቀለሆች አንዱን አንስታ አሸተተችና መልሳ ጣለችው።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ስለ ደረጀ አወራችልኝ። ፀጉሩን ማን እንደሚቆርጥለት፣ ከየትኛው ጎረቤት ልጅ ጋር እንደሚጣላ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ እንደሚሸፍን። ቮርቢ ጎርድ ደርሰን በሩ ሲከፈት ነው ያቺን ጥያቄ የጠየቀችኝ።

"ተኩሶ ሰው ይመታ ነበር ይሆን?"

"አላውቅም፣ እማዬ" አልኳት። ሰው ከኋላ እየገፋን ወረድን።

ያቺን ጠመንጃ ስምንት ዓመት ያህል ተኮስኩባት። በብርድ አንዳንዴ ትነክስ ነበር፤ ፊቴን ግን አንድም ቀን አልመታችኝም። ልጄ ሲወለድ ጊዜ አጣሁና ለአንዲት የክበቡ ጀማሪ ሸጥኳት። ኡላም እናቴም ዛሬ የሉም።

ሱቁ ውስጥ ያን ብረት ከእጅ ወደ እጅ ስታዛውር እናቴ የነበረችበት ዕድሜ ላይ ነኝ አሁን። ያን ሁሉ ዓመት ዝምታዋን ሐዘን ብቻ አድርጌ እቆጥረው ነበር። ለካ ጥያቄም ነበረው፤ ክብደቱ፣ ጭሱ፣ ግፊቱ። የሚያውቅ ሰው ካገኘች ልትጠይቅ የተዘጋጀች ሴት ነበረች፤ እኔ ልጇ ግን እንዳይከፋት ብዬ ዝም ስል ኖርኩ። የመጨረሻዋን ጥያቄ አሁንም አልፎ አልፎ አስባታለሁ፤ መልሱን ስላላገኘሁ ብቻ አይደለም። "አዎ፣ ይመታ ነበር" ብላት ይሻላት ነበር፣ ወይስ "አይ፣ ማንንም አልመታም" ብላት? እኔ አላውቅም። እሷም ስትጠይቀኝ የትኛውን መስማት እንደምትፈልግ የምታውቅ አልመሰለኝም።