የኮንጎን ጉዳይ ይዘን የካ ተራራ ላይ

ንጋት፣ አራት ኪሎ

ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ። የለበስኩት አዲሱን ካፖርቴን ነው። ባለቤቴ "ኮተቤ ለመሄድ ይኼን?" ብላ ስትስቅ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። የውጭ እንግዳ ይዞ የሚሄድ ጋዜጠኛ አገሩን ወክሎ ነው የሚለብሰው፤ ይህን ለሚስት ማስረዳት ግን ከባድ ነው።

እንግዳዬ ሙሴ ካዛዲ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጥ ያሉ ሰው ናቸው። ኮንጎ ውስጥ፣ መዳብ በሚወጣበት በካታንጋ፣ አስተማሪ ነበሩ። በመዳቡ የተነሳ ጦርነት ከመጣ ወዲህ ትምህርት ቤታቸው የወታደር ሰፈር ሆኗል፤ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ተሰደው ጫካ ዳር ተጠግተዋል። እሳቸው ደግሞ "መዳባችንን የሚገዛው ዓለም ጠባችንንም ይገላግል" ብለው አዲስ አበባ መጡ፤ እዚህ ብዙ መንግሥታት የተሰበሰቡበት ጉባኤ አለና። ጉባኤው ነገ ያበቃል። ማን እንደሚናገር የሚወስኑት አንድ ክቡር ባለሥልጣን ናቸው። ዛሬ ካላገኘናቸው ሙሴ ካዛዲ የመጡበትን ሳይናገሩ ይመለሳሉ።

እኔ የተላክሁት ፈረንሳይኛ ስለምችል ነው። እውነቱን ለመናገር የእኛም ጋዜጣ በዚህ ነገር አይመሰገንም። የእኛ ወታደሮች ወደ ኮንጎ ሲዘምቱ ወሬውን በፊተኛው ገጽ በትልልቅ ፊደል ነበር የምናወጣው። ከዚያ ወደ ውስጥ እየገባ እየገባ ሄዶ አሁን የሚገኘው ከጠፋ ውሻ ማስታወቂያ ጎን ነው።

ሙሴ ካዛዲ በኪሳቸው አንዲት አረንጓዴ ድንጋይ ይዘው ይዞራሉ፤ ከመሬት እንደወጣች ያለች መዳብ ናት። በየቢሮው ያሳያሉ። ሹሞቹ ያገላብጧታል፣ ያደንቋታል፣ ከዚያ "ይህ የሚመለከተው የእከሌን ክፍል ነው" ይላሉ። አንደኛው ሹም ጭራሽ ወረቀት እንዳይበርበት ጠረጴዛው ላይ አስቀርቷት ነበር፤ ለምነን ነው ያስመለስናት።

ሾፌራችን ግርማ ሰይቼንቶዋን፣ ትንሿን የጋዜጣውን መኪና፣ አምጥቶ በሩን ከፈተ። ሙሴ ካዛዲ ታጥፈው ሲገቡ ጉልበታቸው አገጫቸውን ነካ።

"ጋሼ፣ እኚህ ሰውዬ በሁለት ጊዜ ቢሄዱ አይሻልም?" አለኝ ግርማ።

ማለዳ፣ ሾላና ኮተቤ

ሾላ ገበያው ገና እየነቃ ነው። እንጨት የጫኑ አህዮች፣ ከእንጦጦ የወረዱ ቅጠል ተሸካሚ ሴቶች፣ ጤፍ የጫነ ካሚዮን፣ መሀል መንገድ የቆመ በግ። ግርማ ጡሩንባውን ነፋ፤ በጉ ዞር ብሎ አየንና እዚያው ቆመ። ሙሴ ካዛዲ ወርደው በጉን ዳር አስያዙት። ሴቶቹ ሳቁ፤ አንዷ ትኩስ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻቸው። በከተማው ካዩት መስተንግዶ ሁሉ ይህ እንደሚበልጥ ነገሩኝ፤ እኔም ስለ ከተማዬ አፈርኩ።

የክቡርነታቸው ቤት ኮተቤ መንገድ ዳር ነው። ቤቱ አልቋል፤ የግቢው አጥር ግን በድንጋይ ተጀምሮ ከወገብ ላይ ቆሟል። ዘበኛው በቆመው አጥር ላይ ክርኑን አስደግፎ አነጋገረን።

"ክቡርነታቸው አሉ?"

"የሉም።"

"ወዴት ሄዱ?"

"የአጥሩን ድንጋይ ሊያዩ የካ ተራራ ወጥተዋል።"

ከቤቱ ውስጥ ሰው ሲያስል ሰማን።

"እሱስ ማነው?" አልኩት።

"ራዲዮ ነው" አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ራዲዮ ሲያስል ሰምቼ አላውቅም። ግን ከዘበኛ ጋር ክርክር ገጥሞ ያሸነፈ ሰውም አላውቅም። ሙሴ ካዛዲ "ተራራው ሩቅ ነው?" ሲሉ ጠየቁኝና መልሴን ሳይጠብቁ ታጥፈው ገቡ።

ረፋድ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ

የካ ሚካኤል አጠገብ ስንደርስ ሰይቼንቶዋ ጨሰች። ግርማ ባርኔጣውን አውልቆ እያራገበላት "ኮንጎን ያህል ነገር በሷ ላይ ተጭኖ እንዴት ትችል" አለ። መኪናዋን ከቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር ትተን በእግር ተያያዝነው።

ሌሊት ዘንቦ ነበር። ጭቃው ቀይ ነው፣ ይይዛል፣ አይለቅም። የባሕር ዛፉ ጠብታ ካፖርቴ ላይ ያርፋል። ሙሴ ካዛዲ በረጅም እግራቸው ቀድመውኝ ሄደው ይቆሙና ቁልቁል ከተማውን ያያሉ። "ከዚህ ሲታይ ሰው የሚጣላ አይመስልም" አሉኝ። ትንፋሽ ስላጠረኝ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።

ቀትር፣ የድንጋይ ካባው ላይ

ድንጋይ የሚወጣበት ገደል ጋ ስንደርስ የመዶሻ ድምፅ የለም። የተጠረበ ድንጋይ ተከምሮ ሣር በቅሎበታል። በግራ በኩል ጥቂት ጠራቢዎች ተቀምጠዋል፤ በቀኝ በኩልም እንዲሁ። መሀል ላይ አንዲት ጎጆ አለች፤ የእትዬ አበበች ጠላ ቤት ናት። ለግራዎቹ አንድ በር፣ ለቀኞቹ ሌላ በር፣ መሀሏ ላይ በጆንያ የተሠራ መጋረጃ። እትዬ አበበች ሁለቱንም ወገን ከአንድ ጋን ትቀዳላቸዋለች።

"ክቡርነታቸው መጥተው ነበር?" አልኳት።

"አምና መጥተው ነበር። 'ድንጋዬን' አሉ፤ ጠራቢዎቹ 'ተጣልተን ዘግተናል፣ ያስታርቁን' አሏቸው። 'ይህ እኔን አይመለከተኝም፣ ማዘጋጃ ቤት ሂዱ' ብለው ተቆጥተው ወረዱ። ይኸው አጥራቸውም ቆመ፣ እኛም ቆምን።"

ጠቡ እንዲህ ነው። ግራዎቹ የየካ ሚካኤል ሰዎች ናቸው፤ አለቃቸው ባሻ ወልደየስ ይባላል፤ ቁጡና ጢማም ሰው ነው። ቀኞቹ ወሰን የሚባለው ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ አለቃቸው ጋሽ ቱሉ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ተናግሮም የማያቆም። ሁለቱም "ገደሉ የአባቴ ነው" ይላሉ። ተማትተው የሁለቱም ወገን ጭንቅላት ተፈንክቷል። መታረቅ ሁለቱም ይፈልጋሉ። ችግሩ ሽማግሌ ነው፤ የተጠራው ሁሉ ወይ የአንዱ አማች፣ ወይ የሌላው ክርስትና አባት እየሆነ ቀረ።

እትዬ አበበች ሙሴ ካዛዲን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

"እኚህ ሰው የካ ዘመድ አላቸው?"

"የላቸውም።"

"ወሰንስ? አማች? አበልጅ?"

"እትዬ አበበች፣ ሰውዬው የመጡት ከኮንጎ ነው።"

መጋረጃውን በአንድ እጇ ገንጥላ ጣለችው። "ሽማግሌ ተገኘ!" ብላ ጮኸች።

ጉዳያችን ሌላ መሆኑን ለማስረዳት ሞከርኩ። የሚሰማኝ አልነበረም። ሙሴ ካዛዲ ነገሩን ስተረጉምላቸው ትንሽ አሰቡና በርጩማው ላይ ተቀመጡ። "በየቢሮው 'እኛን አይመለከተንም' ሲሉኝ ከርመዋል" አሉ። "እኔ ይህን ቃል ለማንም አልልም።"

ግራና ቀኙን ሰሙ። ገደሉ የጋራ ሆኖ አንድ ሳምንት እነዚህ፣ አንድ ሳምንት እነዚያ እንዲያወጡ ተስማሙ። ሁለቱም ስለተማቱ ሁለቱም ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ይቅርታ ሊጠያየቁ ሆነ፤ የአገሩ ደንብ ነውና። አሁን አለቀ ብዬ ካፖርቴን ማራገፍ ጀመርኩ።

"የማንን ድንጋይ?" አለ ባሻ ወልደየስ።

ለካ ያለ ሽማግሌ ሊታረቁ በሞከሩ ቁጥርም ነገሩ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ባሻ ከገደሉ ድንጋይ አንስቶ ቢሸከም ወሰኖች "ይኸው ደግሞ ወሰደብን" ይላሉ። ጋሽ ቱሉ ቢያነሳ የካዎች እንዲሁ። "ከወንዝ ይምጣ" ያለ ሰው ነበር አሉ፤ ወንዙም የማን እንደሆነ አልተወሰነም። ይቅርታ በድንጋይ እጦት የቀረበት የድንጋይ ካባ በዓለም ላይ ይኼ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሙሴ ካዛዲ ከኪሳቸው አረንጓዴዋን ድንጋይ አወጡና መሬት ላይ አስቀመጧት።

ሁሉም ከበባት። "የማናችንም አይደለችም" አለ ጋሽ ቱሉ፣ እየዞራት። ባሻ ግን ጢሙን እየዳሰሰ "በዚች ጠጠር ይቅርታ ብጠይቅ አገር አይስቅብኝም?" አለ። ተረጎምኩ።

ሙሴ ካዛዲ ስለዚች ድንጋይ የሞቱ ተማሪዎቻቸውን ስም መጥራት ጀመሩ። ስም አይተረጎምምና እኔ ዝም አልኩ። ከሦስተኛው ስም በኋላ ባሻ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ተጎንብሶ ድንጋይቱን አነሳት፤ አንገቱ ላይ አድርጎ በእጁ ይዞ፣ ኩንታል የተሸከመ ያህል ጎብጦ ጋሽ ቱሉ ፊት ቆመ። የሳቀ አልነበረም።

"አውርድ፣ አውርድ፣ ይቅር ብያለሁ! ለእኔም አቀብለኝ" አለ ጋሽ ቱሉ።

ከቀትር በኋላ፣ ቁልቁል

እትዬ አበበች በነጻ ቀዳች። ዳቦና ቆሎ መጣ። ጋሽ ቱሉ ሙሴ ካዛዲ አጠገብ ተቀመጠና በእኔ በኩል ስለ ትምህርት ቤቱም ስለ ቤተሰቡም ይጠይቃቸው ጀመር።

"የእርስዎን ጠብ ማን ይዞታል?"

"ማንም።"

"ጎረቤት የለም? ታላቅ የለም?"

"አሉ። ሁሉም 'የሚመለከተው ሌላውን ነው' ይላል።"

"መዳቡንስ ይገዛሉ?"

"ይገዛሉ።"

"እንደኛው ክቡርነታቸው ናቸው በለኛ!" አለ ጋሽ ቱሉ።

"የእኔንም ጠላ ሲጣሉ አልተዉም" አለች እትዬ አበበች።

ባሻ ወልደየስ ጣሳውን አስቀምጦ ተነሳ። "እኚህ ሰው እኛን አስታርቀው የራሳቸውን ይዘው ሊመለሱ ነው? ድንጋይ አንሱ፣ ክቡርነታቸው ደጅ እንሄዳለን!" አለ። ዛሬ የማን ድንጋይ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ገደሉ አጠገብ የቆመውን ካሚዮን አስነሱት፤ ድንጋይና ሰው አንድ ላይ ተጭኖ ወረድን። እኔ ከትርፍ ጎማው ጎን፣ በሁለት ጠራቢዎች መሀል ነበርኩ። የካፖርቴን ቀለም ከዚህ በኋላ መናገር አልችልም። ግርማ በቀዘቀዘችው ሰይቼንቶ ጡሩንባ እየነፋ ተከተለን።

አመሻሽ፣ ኮተቤ

ዘበኛው "የሉም" ሊል አፉን ሲከፍት የካና ወሰን ድንጋይ በአንገታቸው ይዘው በቆመው አጥር ፊት ተሰለፉ። ባሻ ዞር ብሎ አየኝ። "አንተስ? የዚህ አገር እንጀራ አትበላም?" አለኝ። አነሳሁ። ከባድ ነው፤ ማንም ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ለሌላው ሲለምን ካያችሁ ቀልድ እንዳይመስላችሁ።

በረንዳው ላይ የውጭ አገር እንግዶች ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል። ክቡርነታቸው ያን የራዲዮ ሳል እያሳሉ ወጡ።

"ምንድነው ይኼ? ማን ነው የበደለኝ? ለማን ነው ይቅርታ የምትለምኑኝ?"

"ክቡር ሆይ፣ እርስዎን የበደለ የለም" አለ ባሻ፣ እንደጎበጠ። "የእኚህን ሰው አገር የበደሉት ሩቅ ናቸው። እስኪመጡ ድረስ እኛ ተሸክመንላቸው ነው።"

እንግዶቹ ምን እንደተባለ ይጠያየቃሉ። ክቡርነታቸው ወደ በረንዳው አዩ፣ ወደ እኛ አዩ፣ አላባቸው። ድንጋይ ተሸክሞ በደጅ ለቆመ ሰው መልስ መንሳት በዚህ አገር ትልቅ ነውር ነው፤ ፈረንጅ ፊት ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

"አውርዱ! ስለ እግዚአብሔር አውርዱ!"

"ሰማችሁ? አውርዱ አሉ!" አለ ጋሽ ቱሉ። ድንጋዩ ሁሉ በአንድ ላይ መሬት ወደቀ። አውርዱ ያለ ሰው ጉዳዩን ተቀብሏል፤ ክቡርነታቸውም ይህን ያውቃሉ። ደረጃው ላይ ተቀመጡና "ይናገሩ" አሉ።

ሙሴ ካዛዲ ወደ ፊት ወጡ። በየቢሮው ሲሉት የከረሙትን ንግግር እኔ እንኳ በቃሌ ይዤዋለሁ። እሳቸው ግን አፋቸውን ከፍተው ቆሙ፤ ቃል አልወጣም። ተቀምጦ የሚሰማ ሰው አይተው አያውቁም። እንባቸው ወረደ፤ የእኔም።

ጋሽ ቱሉ ቀስ ብሎ ጀመረላቸው። ኮንጎን ከጅማ ትንሽ ወረድ አደረጋት፤ መዳቡን አንዴ ወርቅ፣ አንዴ ብረት አለው። ትምህርት ቤቱን፣ ሚስትየዋን፣ ልጆቹን፣ የሞቱትን ግን አንድም አልሳተም። ገዢዎቹ ሁሉ ከዕቃው ጋር ጠቡንም መውሰድ እንዳለባቸው ተናግሮ፣ ከልማዱ ውጪ እዚያ ላይ አቆመ።

ክቡርነታቸው ከደረጃው ተነሱና "ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር ይገባሉ። ከሁሉ በፊት የሚናገሩት እሳቸው ናቸው" አሉ።

ተረጎምኩ። ሙሴ ካዛዲ ድገምልኝ አሉኝ። ደገምኩ። አሁንም ድገምልኝ አሉ። አፌን ስከፍት ጋሽ ቱሉ ቀደመኝና ሁለት ትከሻቸውን ይዞ "ትናገራለህ፣ ወንድሜ። ነገ ትናገራለህ" አላቸው፣ በአማርኛ። ያን ጊዜ ገባቸው።