የሚንከራተት እግር ወይስ የዱር ዶሮ ዱካ?

ጎረቤቴ ቲርዛ ሆለንቤክ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ልጇ ኦሪን ከአጠገቧ እንዳይርቅ። ባሏ ወርቅ ተገኘ ሲባል ከዚህ ከነብራስካ ወደ ምዕራብ ሄዶ በዚያው ቀርቷል። ለዚህ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ደግሞ ታውቃለች። ይተኛበት የነበረው ብርድ ልብስ ነው።

ቀስ ብዬ ላስረዳ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማስረዳት ደስ ይለኛል። እኛ ብርድ ልብስ የምንሰፋው ከአሮጌ ቀሚስና ሸሚዝ ቁራጭ ነው። ቁራጩ ሲገጣጠም ቅርጽ ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ ቅርጽም ስም አለው። የቲርዛ ባል የተኛበት፣ እሷም የምትፈራው በአራቱም ማዕዘን ሹል ሹል ጣት የተዘረጋበትን ነው። «የሚንከራተት እግር» ይሉታል። እሱን ለብሶ የተኛ ሰው እግሩ አያርፍም ስለሚባል፣ እናት ለወንድ ልጇ አትሰፋውም።

የኦሪን እጮኛ አልሜዳ ከኢንዲያና ስትመጣ ለሠርጓ የገጣጠመችውን የብርድ ልብስ ፊት ይዛ መጣች። ፊቱን፣ ጥጡንና ገበሩን አንድ ላይ ልንሰፋ ሴቶቹ ተሰብስበን በእንጨት መወጠሪያ ላይ ዘረጋነው። ቲርዛ መርፌዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ይሄን ማን ነው ያሳየሽ?»

«እናቴ። የዱር ዶሮ ዱካ ነው፤ አያምርም?»

«የምን ዶሮ! የሚንከራተት እግር ነው እንጂ!»

«ኧረ እማማ ቲርዛ! ዶሮ ጭቃ ስትረግጥ አላዩም? ወንድሞቼ ይሄንኑ ለብሰው ነው ያደጉት፤ አንዳቸውም ከመንደር ወጥተው አያውቁም። እንዲያውም ቢወጡልን ደስ ባለን!»

ሴቶቹ ሳቁ። ቲርዛ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ መቼም የማታውቂው የለም። የትኛው ነው?»

ጎንበስ ብዬ ጣቶቹን መረመርኩ። ቅርጹ ያው ነው። ስሙ ከተለወጠ ክፉው ይሻራል የሚሉ አሉ። ግን የድሮ ስሙን ለምታውቅ ሴትስ ይሻራል? እኔም ግራ ገባኝ።

«እግርም ነው፣ ዶሮም ነው» አልኳት።

«አየሽ፣ አንቺም አታውቂም!»

በመጨረሻ ራሷ መላ አገኘች። «እኔ አሮጊት ነኝ፤ የት እሄዳለሁ?» ብላ የአልሜዳን ለራሷ አልጋ ወሰደች፤ «የግንድ ጎጆ» የሚባለውን የራሷን ብርድ ልብስ ለሙሽሮቹ ሰጠች። የዚህ ቅርጹ እንዴት ያምራል መሰላችሁ! መሀሉ ላይ ትንሽ ቀይ ጨርቅ አለ፤ ምድጃው እሱ ነው። ቀጫጭን ቁራጮች እንደ ግድግዳ ግንድ ይከቡታል። ሰውን ቤቱ የሚያስቀምጥ ቅርጽ ቢኖር ይሄ ነው።

ከዚያ አንበጣ መጣና የስንዴ አገዳ እንኳ አልተረፈንም። ኦሪን ጋሪውን ጫነ፤ እሱና አልሜዳ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኦሪገን ሊሄዱ ነው።

ቲርዛ የጋሪውን ጎማ ይዛ ቆመች። «ምድጃውን ለብሰህ እየተኛህ?»

«እማዬ፣ የበላን አንበጣ ነው። ድሪቶው ምን አገባው?»

አልሜዳ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ መሄድ ፈርቼ ነበር» አለቻት። «ያን ቀይ ምድጃ ሳየው፣ የትም ብናነጥፈው ቤታችን ነው አልኩ። እሱ ባይኖር እሺ አልልም ነበር።»

ቲርዛ የጋሪውን ጎማ ለቀቀች።

«ነይ አብረን እንሂድ፣ ቦታ አለ» አላት ኦሪን እናቱን።

ቲርዛ እጄን ይዛ ወደ ጎን ሳበችኝ። «ልቤ ሂጂ ሂጂ ይለኛል። ግን ይሄ እኔ ነኝ ወይስ ብርድ ልብሱ?»

ምን ልበላት? «አላውቅም» አልኳት፤ እውነቴን ነበር።

«እኔም አላውቅም» አለችና የልጇን ትከሻ ተደግፋ ጋሪው ላይ ወጣች። ብርድ ልብሱን ሮጬ ከአልጋዋ አመጣሁላት። ጉልበቷ ላይ አድርጋ የቅርጹን ጣቶች ትቆጥር ጀመር።

«ስሙን ማንም ፊት እንዳትጠሪ» አለቻት አልሜዳን። «እዚያ ደግሞ ምን እንደሚሉት መጀመሪያ እንስማ።»