ከዚሩ ጥግ ያኖርኳት እንሽላሊት

ባለፈው ሳምንት ጎንደር፣ አንድ ልጅ እግር ሐኪም የራጅ ፎቶዬን መብራት ላይ ሰቅሎ፣ አጥንቴ መሳሳቱን፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ መሞቅና ምግብ አለመተው እንዳለብኝ ቢነግረኝ ሳቄ አመለጠኝ። የቀለድኩበት መስሎት ከፋው። እኔ ትዝ ያለችኝ ግን አንዲት እንሽላሊት ነበረች፤ ይህን ደግሞ ለሐኪም እንዴት ብለው ይነግሩታል? አውቶቡሱ ቤቴ ገንዳ ውሃ እስኪያደርሰኝ ድረስ ስለ እሷ ሳስብ መጣሁ።

ከጎጃም መተማ ዮሐንስ የወረድኩት ገና ሃያ ሳይሞላኝ፣ በተዳርኩ ዓመት ነው። ባለቤቴ አዳነ የትራክተር ሹፌር ነበር። ሰኔ ሲገባ የሰሊጥ ማሳ ሊያርስ ወደ አብደራፊ ሄደና፣ በተከራየናት አንዲት ክፍል ብቻዬን ቀረሁ። የመተማ ክረምት እንደ ጎጃም ክረምት አይደለም። ዝናቡ ወርዶ ሲያበቃ መሬቱ ይተነፍሳል፣ ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ይነጥቃል፣ ሙቀቱ ግን ከቤት አይወጣም። አነጋገሬን ሰምተው እንዳይስቁብኝ ስለምፈራ ገበያ ወጥቼም አፌን ይዤ እመለሳለሁ። እያደር ምግብም አስጠላኝ። ለአንድ ሰው ወጥ እንደ መሥራት ያለ ሆድ የሚያስብስ ነገር የለም።

ያን ጊዜ ጓደኛዬ እንሽላሊቷ ነበረች። ግድግዳ ላይ ተለጥፋ የምትኖር፣ ዓይነ ትልቅ፣ የሆድ ዕቃዋ የሚታይ፣ ተማሪዎች ጌኮ የሚሏት ዓይነት ናት። ሰው ይጠየፋታል፤ ምግብ ውስጥ ከወደቀች ትገድላለች ይባላል፤ አዳነማ ባያት ቁጥር መጥረጊያ ያነሳል። እኔ ግን ከፋኖሱ አጠገብ ትንኝ ስታድን እያየሁ አወራታለሁ። ምን አወራት እንደነበር ባስታውሰው ያሳፍረኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ የወባ መድኃኒት ረጪዎች መጡ። ለርጭቱ ዕቃ ሁሉ ወደ ግቢ ሲወጣ፣ እሷንም እንዳትሞትብኝ በሳሙና ካርቶን ይዣት ወጣሁ። ወደተረጨው ግድግዳ መመለሱን ደግሞ ፈራሁና እዚያው ካርቶኑ ውስጥ አስቀረኋት። ከቤቱ ሁሉ የመረጥኩላት ቦታ የዚሩ ጥግ ነበር። ዚር ቆለኞች ውሃ የሚያቀዘቅዙበት ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፤ ሥሩ ዘወትር ርጥብ ነው። እኔ በሙቀት ስቃጠል እሷም የምትቃጠል መስሎኝ፣ ከሁሉ የተሻለውን ቦታ ሰጠኋት። ቀለቧ ከማሽላው ጆንያ የምለቅመው ነቀዝ ነበር።

መጀመሪያ በላች። ሳይቆይ ግን ፊቷን ታዞር ጀመር። ጅራቷ ቀጠነ፣ አገጯ ተንጋደደ፣ ካርቶኑ ላይ መውጣት አቃታት። በእኛ አገር ምግብ እምቢ ላለው በሽተኛ አጥሚት ይፈላለታልና አጥሚት አፍልቼ በጥጥ ባንጠባጥብላት ምላሷን እንኳ አላወጣችም። እሷ ከሞተች በዚያ ቤት ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ ነገር እንደማይኖር ሳስብ አለቀስኩ። ለእንሽላሊት ማልቀስ እብደት ነው፤ ግን አለቀስኩ።

ለቅሶዬን ሰምተው የመጡት ጎረቤቴ ሐጃ ዘይነብ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ መንገድ ዳር ሱቅ ያላቸው፣ ዶሮ የሚያረቡ ሴት ነበሩ። እስከዚያ ቀን ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም። የገቡት መርዶ የመጣብኝ መስሏቸው ነው። ካርቶኑን ሲያዩ አልሳቁም። ነኳትና "ያ ቢንቲ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

"ይቺ የቆላ ፍጥረት ናት። አንቺ ደጋ አውጥተሽ አስረሻታል። ብርድ የያዘው ሆድ ምን ይፈጫል?"

አገጯንም በጣታቸው ጫን አድርገው አጥንቷ መላላቱን አሳዩኝ። ዶሮዎቻቸው ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል ሲጥሉባቸው፣ የእንቁላል ቅርፊት አድርቀውና አድቅቀው ከጥሬው ጋር እንደሚሰጧቸው ነገሩኝ። ነቀዝ ብቻውን ቀለብ አይሆናትም፤ ፌንጣና ምስጥ ያዢላት አሉ። ከዚያ ዞር ብለው ምድጃዬን አዩ። ትኩስ አመድ እንኳ አልነበረበትም።

"አንቺስ ምን በልተሻል?"

ቤታቸው ወስደው የማሽላ ገንፎ በወይካ አቀረቡልኝ፤ ከደረቀ ባምያ ዱቄት የሚሠራ ወጥ ነው። ይዝለገለጋል፤ ለደገኛ አይመችም። የመጀመሪያውን እንደ ምንም ዋጥኩት፤ ሲደግሙኝ ግን ምን ያህል ርቦኝ እንደነበር አወቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ካርቶኑን ፀሐይ ወደሚመታው የቆርቆሮ አጥር ሥር ማውጣት፣ ፌንጣ ማሳደድ፣ ፌንጣውን በቅርፊት ዱቄት መለወስ ሥራዬ ሆነ። ብዙ ቀን ዞር ብላም አላየችው። አንድ ጠዋት ቀና አለች፤ አፍጥጣ ቆየችና ላፍ አደረገችው። ለሰው ልናገር ግቢውን ዞርኩ፤ ሐጃ ዕቃ ሊያመጡ ድንበሩን አልፈው ወደ ሱዳኗ ገላባት ተሻግረው ነበር። ማንም የለም። በዚያ ደስታ መሃል የተሰማኝን ያህል ብቸኝነት ከዚያ በፊት አላውቅም።

ጅራቷ ወፈር ሲል፣ ማሾ በሚበራበትና ትንኝ በሚርመሰመስበት በሐጃ ሱቅ ግድግዳ ላይ ለቀቅኳት። ወደ ጣሪያው ሮጠች፤ ዞራም አላየችኝ። ቤቴ ጭር አለ።

አዳነ የተመለሰው ሰሊጡ ታጭዶ ተራግፎ ኅዳር ላይ ነው። አቧራ ለብሶ፣ ደክሞት፣ ውሃ ጠጣና "ምን አዲስ ነገር አለ?" አለኝ። እንሽላሊት ሳስታምም ከረምኩ እንዴት ይባላል? "ምንም" አልኩት። እሱም ተኛ።

ብዙ ዘመን አብረን ኖርን፣ ልጆች ወለድን፤ ደግ ባል ነበር። ከማሳ በተመለሰ ቁጥር ያንኑ ይጠይቀኛል፤ እኔም ያንኑ እመልስለታለሁ። እሱ ካረፈ ወዲህ ልጆቼ እየደወሉ ጤናዬን ይጠይቁኛል፤ እግዜር ይስጣቸው። ከጎንደር የተመለስኩ ዕለት ግን ከአውቶቡሱ ወርጄ የቤቴን በር ስከፍት፣ ከውስጥ ምን አዲስ ነገር አለ የሚለኝ ቢኖር ኖሮ፣ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ከመጀመሪያው እነግረው ነበር።